ያልገባው ምት እንዴት አሸናፊ ሆነ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ልጄ ዘንድሮ አላባማ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እኛ የምንኖረው አትላንታ አጠገብ ነው። የጓደኛው ወላጆች ለታንክስጊቪንግ ቅዳሜ ኦበርን ከተማ እቤታቸው ጠርተውናል፤ ኦበርንና አላባማ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ ፉትቦል የሚጋጠሙበት ቀን ስለሆነ አብረን በቴሌቪዥን እናያለን። አባትየው የኦበርን፣ እናትየው የአላባማ ደጋፊ ናቸው። ልጄ “እማዬ፣ የ2013ቱን ጨዋታ ሳታውቂ እንዳትሄጂ” እያለ ቪዲዮውን ላከልኝ። አንዱ ይለጋል፣ ኳሱ አይገባም፣ ሌላው ይዞ ይሮጣል፣ ሕዝቡ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። እኔ በማውቀው እግር ኳስ የሳተ ምት ከመስመር ከወጣ አለቀ። እዚህ እንዴት ለተቃራኒው ቡድን ነጥብ ይሆናል? ሰዓቱ አልቆስ እንዴት ይሮጣል? ደግሞስ ከስንት ዓመት በኋላ እናትየው ፊት ላንሳው ወይስ ዝም ልበል?

የተማሪ እናት፣ ከአትላንታ አካባቢ

ውድ የተማሪው እናት፣

ልጅዎ ልክ ነው። ያን ጨዋታ ሳያውቁ እዚያ ቤት መግባት ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን እንደሞተ እንዳለማወቅ ነው።

መጀመሪያ ሜዳውን ይያዙልኝ፤ ግራ ያጋባዎት ነገር የሚፈታው እዚያ ነው። ሜዳው 100 ያርድ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ኢንድ ዞን የሚባል 10፣ 10 ያርድ ይጨመርበታል። ሹካ የሚመስለው ምሰሶ የቆመው ጎሉ መስመር ላይ ሳይሆን ከኢንድ ዞኑ በስተኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የተለጋ ኳስ አጥሮ ሲወርድ የሚያርፈው ገና ሜዳ ውስጥ ነው። ተከላካይ ሳይነካው ኢንድ ዞን ውስጥ መሬት ቢመታ ኳሱ ይሞታል። ከአየር ላይ ከቀለበው ግን ሕያው ነው፤ ይዞ መሮጥ ይችላል፤ የተቃራኒውን ኢንድ ዞን ከደረሰ ስድስት ነጥብ ያገኛል። በሌላ ጊዜ ይህን ብዙም የሚሞክር የለም፤ ኳሱን ቢተወው ቡድኑ ከተለጋበት መስመር አካባቢ ጨዋታ ስለሚጀምር ይሻለዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ቀጣይ ጨዋታ የለም፣ መተዉ ምንም አይጠቅምም። የሰዓቱም ነገር ቀላል ነው፦ ሰዓቱ ሳያልቅ የተጀመረ ሙከራ ሰዓቱ ዜሮ ቢልም እስኪቋጭ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዕለቱ። ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር፤ የኅዳር ጽዮን ዕለት ስለሆነ ቀኑ አይጠፋዎትም። ቦታው ኦበርን የሚገኘው ጆርዳን ሄር ስታዲየም፣ ተመልካቹ 87,451። አላባማ በደረጃ 1ኛ፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋንጫ የበላ ቡድን ነው። ኦበርን ደግሞ 4ኛ ይሁን እንጂ ከአንድ ዓመት በፊት በአላባማ 49 ለ 0 ተሸንፎ፣ የውድድር ዘመኑን በ3 ድልና በ9 ሽንፈት የጨረሰ ቡድን ነበር። ይህን ቁጥር ካላወቁ የአባትየው ደስታ ከየት እንደመጣ አይገባዎትም።

ሊያልቅ 32 ሰከንድ ሲቀረው የኦበርኑ ኮርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) ኒክ ማርሻል ለሳሚ ኮትስ ሰጥቶ 28 ለ 28 ሆኑ። ቀጥሎ የአላባማው ቲ ጄ የልደን ኳስ ይዞ እስከ ኦበርን 38ኛ ያርድ አካባቢ ሮጦ ከመስመር ወጣ፤ ሰዓቱም ዜሮ አለ። የአላባማ አሠልጣኝ ኒክ ሴባን ግን ሰከንድ ይቀራል ብለው ተከራከሩ። ዳኞች ቪዲዮ አይተው አንድ ሰከንድ መለሱ። የነገሩ እምብርት ይህ ነው፤ ያቺን ሰከንድ ለምኖ ያገኘው የተሸነፈው ወገን ነው።

በሰከንዷ ምን ይሠራል? ወይ ትቶ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ይገባል፣ ወይ ረጅም ኳስ ይወረውራል፣ ወይ ይለጋል። ሴባን 57 ያርድ፣ ማለትም 52 ሜትር ገደማ፣ ማስለጋት መረጡ። ዋናው ለጊ ኬድ ፎስተር በዕለቱ ሦስት ጊዜ አልሆነለትም፤ አንዱን ተከላካዮች መቱበት። ስለዚህ አዳም ግሪፊዝ የተባለው ወጣት ገባ። በእኔ ግምት ስህተቱ መለጋቱ ላይ አይደለም። ስህተቱ ለጊውን ለመጠበቅ የተሰለፉት ልጆች ላይ ነው። ኳስ አቀባይ፣ ኳሱን መሬት ላይ የሚያቆም፣ ለጊ፤ የቀሩት በአብዛኛው ለጊውን የሚከልሉ ግዙፎች ናቸው። የሚመረጡት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰው እንዳያሾልኩ ነው እንጂ ሯጭ እንዲያባርሩ አይደለም። ከሩቅ ሲለጋ እነዚህ ሰዎች ኳሱ እግር እንደለቀቀ ወዲያው ተዘርግተው ሁለቱንም ጠርዝ መያዝ ነበረባቸው። መሃል ላይ ተሰበሰቡ፤ ግራው ተከፈተ።

የኦበርን አሠልጣኝ ጋስ ማልዛን ደግሞ ምቱ ሳይለጋ እረፍት ጠየቁ። ሰው ይህን ለጊውን ለማስጨነቅ ብቻ የተደረገ ይመስለዋል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን በዚያች እረፍት ክሪስ ዴቪስን ከኢንድ ዞኑ ጥግ ማቆማቸው ነው። ኳሱ አጠረ። ዴቪስ ከምሰሶው ሥር፣ አንድ ሁለት እርምጃ ቢያፈገፍግ ከሜዳ በሚወጣበት ቦታ ቀለበው። መጀመሪያ ወደ መሃል፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በመስመሩ ጠርዝ ላይ 109 ያርድ ሮጠ፤ መቶ ሜትር ነው። 34 ለ 28። “ኪክ ሲክስ” የሚሉት ለዚህ ነው፦ ከምት የተገኘ ስድስት ነጥብ፤ የተጠለፈ ውርወራ ጎል ሲሆን “ፒክ ሲክስ” ከሚሉት የመጣ ነው።

ሰው አይረሳውም፤ ምክንያቱም ግጥሚያው ራሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አላባማ ውስጥ ከዋናዎቹ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊጎች የአንዱም ቡድን የለም። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1893 ነው፤ ከ1907 በኋላ ተኮራርፈው 41 ዓመት ሳይጫወቱ ቆይተው በ1948 ታረቁ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የብረት ከተማ በነበረችው በርሚንግሃም ስለተጫወቱ “አይረን ቦውል”፣ የብረት ግጥሚያ ተባለ። ኦበርን በገዛ ሜዳው ያስተናገደው ገና በ1989 ነው። አሁን በጎዶሎ ዓመት ኦበርን፣ በሙሉ ዓመት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ተስካሉሳ ይደረጋል።

ስለ እናትየው፦ እርስዎ አይጀምሩት። አባትየው ማንሳታቸው አይቀርም። ሲያነሱት ወደ እናትየው ዞር ብለው የ2023ቱን ይጠይቋቸው፤ እዚያው ስታዲየም፣ በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ ለኢንድ ዞኑ 31 ያርድ ሲቀር፣ ጄለን ሚልሮ ለአይዛያ ቦንድ ወርውሮ አላባማ 27 ለ 24 ያሸነፈበት። ቤቱ ይመዛዘናል። ለጊዎቹን ግን ማንም ቢያሾፍባቸው አብረው አይሳቁ። ፎስተር ከጨዋታው በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የግድያ ዛቻ ደርሶበታል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በእጃቸው ጽፈው አጽናኑት፤ የማሊያው ቁጥር 43፣ እሳቸውም 43ኛው ፕሬዚዳንት ናቸው። የሬዲዮ ድምፁን ሲከፍቱም ያዳምጡ፤ ያን ጊዜ ጨዋታውን ያስተላለፈው ሮድ ብራምብሌት በ2019 ከባለቤቱ ጋር በመኪና አደጋ ሞቷል፤ ኦበርኖች ድምፁን ሲሰሙ ዝም ቢሉ ለዚህ ነው።

የአበሻ ቀሚስ ከለበሱ ጥለቱ ቀይ አይሁን፤ ደማቅ ቀይ የአላባማ ነው። ብርቱካንማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ የልጅዎ ትምህርት ቤት ቀለም ነው። የኦበርን ሰው “ዋር ኢግል” ካለዎት መልሱ ያው “ዋር ኢግል” ነው፤ እናትየው “ሮል ታይድ” ቢሉ ፈገግታ ይበቃል። ድፎ ዳቦ ይውሰዱ፤ ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ደግሞ የኦበርን ሰዓት ከአትላንታ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የተጠሩበት ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ ይጠይቁ።

ከመሄድዎ በፊት ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ይድገሙት። በዚህኛው ዙር ሯጩን ትተው ነጭ የለበሱትን ግዙፎች ብቻ ይዩ፤ ዴቪስ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከእነሱ መካከል ጠርዙን የያዘ ሰው እንዳለ ይፈልጉ።