ጠፍጣፋ ሌንስ በገፍ ይመረታል ወይ? እስከ ስንትስ ይተልቃል?

ወንድሜ፣ «ጠፍጣፋ ሌንስ እንደ ቺፕ በገፍ የሚመረት ከሆነ ለምን የካሜራ ሌንስን አልተካም? ትልቅ ማድረግስ ይቻላል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ጀርመን አገር ክሊን ሩም (አቧራ የማይገባበት የቺፕ መሥሪያ ክፍል) ውስጥ ስሠራ ካየሁት ተነስቼ ልመልስልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻለው።

ይሄ ሌንስ ብርሃን የሚሰበስበው በመጎበጡ አይደለም። ላዩ ላይ ከፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ የቀጠኑ ችካሎች አሉ። ውፍረታቸው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብርሃኑ አንዱ ጋ ብዙ፣ ሌላው ጋ ትንሽ ይዘገይና አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ጣጣው ብዛታቸው ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ሌንስ 18.7 ቢሊዮን ችካል አለው! ጨረቃን ሳይቀር አንስተውበታል።

እኔ ስጀምር በኤሌክትሮን ጨረር ነበር የምንሠራው። እሱ እንደ ቁም ጸሐፊ ነው፤ ያምራል ግን አንድ በአንድ ነው የሚጽፈው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ሌንስ ሌሊቱን ሙሉ ትፈጅ ነበር። አንዴ አርብ ማታ አስጀምሬ ሄጄ ሰኞ ስመለስ ጨረሩ መሃል ላይ ተንሸራቶ ግማሹ ከግማሹ አልገጠመም። ሦስት ቀን ገደል ገባ።

በገፍ ለማምረት ማተሚያ ቤት ያስፈልግሃል፤ እሱም የቺፕ ፋብሪካው ስቴፐር ነው። ማስኩ፣ ማለትም ቅርጹ የተቀረጸበት ሰሌዳ፣ አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ ዋፈር በዋፈር (ዋፈር ሌንሱ የሚታተምበት ስስ ክብ ሰሌዳ ነው) ማተም ነው። ግን ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያትመው ቢበዛ 26 በ33 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሌንስ ቁርጥራጩን እየገጣጠሙ ነው የሚታተመው። ደግነቱ ሌንስ ክብ ነው፤ ዋፈሩን እያዞርክ ያንኑ ማስክ ደጋግመህ ትጠቀማለህ፣ ሃርቫርዶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማስክ ውድ ስለሆነ ይቺ ዘዴ ትልቅ ጥቅም አላት። እኛን ያስለቀሰን ግን ከማተሙ ይልቅ ቀጥሎ ያለው ፍቅፈቃ፣ ማለትም በችካሎቹ መሃል ያለውን ቁስ በልቶ ማውጣቱ ነው፤ የዋፈሩ መሃልና ጠርዝ እኩል አይበላም፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ችካሎች ቀጥነው ይወጡብናል። ሰው የሌንሱን ንድፍ ስለያዘው የኮምፒውተር ፋይልም አያስብም። እያንዳንዱን ችካል ለየብቻ ከመዘገብክ ኮምፒውተርህ ገና ሳይከፍተው ይደርቃል።

ሌላው መንገድ ማህተም ነው። አንድ ጥሩ ቅርጽ በስቴፐር ትሠራና ሙጫ ላይ እየጫንክ ታባዛለህ። ሙጫ ብቻውን ብርሃኑን በደንብ አይዝም፤ የደቡብ ኮሪያው ፖስቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ስስ የቲታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ጨምሮበት ብቃቱን በጣም ከፍ አድርጎታል። ለዋጋ ካሰብክ እኔ በዚህ ነው የምወራረደው።

ታዲያ ለምን ካሜራህ ላይ የለም? ቀለም ነው ጉዱ። ለቀይ የተሠራ ሌንስ ሰማያዊን ሌላ ቦታ ነው የሚሰበስበው፤ ሌንሱ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ማስተካከሉ ይብሳል። የሃርቫርዱም ትልቅ ሌንስ ለአንድ ቀለም የተሠራ ነው። ለዚህ ነው ገበያው በርቀት መለኪያ ሴንሰር የጀመረው፤ እዚያ አንድ የኢንፍራሬድ ሞገድ ይበቃል። ቺፕ አምራቹ ኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ ሴንሰር ይሸጣል። ለፕሮጀክትህ ሌንስ ልትገዛ ከሆነ ሻጩን መጀመሪያ «ብቃቱን የለካችሁት በየትኛው ሞገድ ነው?» በለው፤ ከተንተባተበ ተወው።