ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት የሚነዝር ህመም፣ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ እድሜዬ 36 ነው። ከ3 ሳምንት በፊት ውሃ ጠፍቶ ከታች ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ወገቤን ቀጭ አደረገኝ፣ ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም ነበር ግን በነጋታው ከቀኝ መቀመጫዬ ጀምሮ በጭኔ በባቴ አድርጎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ ጀመር፣ ሳስል ደሞ ይብሳል። ስራዬ መሃል ከተማ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ስወርድ እግሬን ማንሳት ያቅተኛል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ በየሁለት ቀኑ ዲክሎፌናክ ይወጉኛል፣ ለዛን ቀን ያስታግሳል ከዛ ያው ነው። እናቴ ብርድ ነው ትላለች፣ ጎረቤቴ ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ትለኛለች፣ ባለቤቴ ደሞ ፍራሹን መሬት አውርደሽ ወር ሙሉ ተኚ ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ነገር ሦስቱንም አትስሚ፣ እናትሽ ይቅር ይበሉኝ። ብርድ አይደለም፣ የታመመውም እግርሽ ሳይሆን ወገብሽ ነው። ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው፣ ከታችኛው አከርካሪ ይነሳና በመቀመጫ አልፎ በጭን ጀርባ እስከ እግር ይወርዳል፣ እና ስሩ ወገብ ላይ ሲቆነጠጥ ህመሙ የሚሰማሽ ታች እግርሽ ላይ ነው። ትንሿ ጣት ድረስ መውረዱና ሲያስልሽ መባሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው የመጨረሻውን የወገብ ዲስክ ነው፣ ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሰል ነገር ነው። ሰው ዲስክ ተንሸራተተ ይላል እንጂ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም እኮ፣ የውጪው ቀለበት ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ነርቩን ይጫናል፣ ነርቩም ይቆጣል።

ደስ የሚለው የወጣውን ነገር ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይመጠዋል፣ አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕሬሽን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። ለዚህ ነው አሁኑኑ ኤምአርአይ (የወገብን ውስጥ የሚያሳየውን ምርመራ) ተነሺ የማልልሽ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ያበጠ ዲስክ ይታያል፣ ለጊዜው ብሩን ያዢው።

መተኛቱ፣ ህመሙ በጣም ሲጠና አንድ ሁለት ቀን ምንም አይልም፣ ወር ሙሉ ግን ጡንቻሽን አስንፎ ያዘገይሻል። ቀን ላይ ከብሎኩ ወርደሽ አምስት አስር ደቂቃ ዞር ዞር በይ፣ ህመሙ ቢኖርም። ማታ በጎንሽ ስትተኚ ጉልበትሽ መሃል ትራስ አድርጊ።

አንድ ነገር ደሞ ሞክሪ። በሆድሽ ተኝተሽ ሁለት ደቂቃ ቆዪ፣ ከዛ በክርንሽ ተደግፈሽ ደረትሽን ቀና አድርጊ። ህመሙ ከባትሽ ለቆ ወደ መቀመጫሽ ወይ ወገብሽ ከተሰበሰበ፣ ወገብሽን ትንሽ ቢጨምርብሽም እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ደጋግሚው። ወደ ታች ከወረደ ግን አቁሚ፣ ላንቺ አይደለም። ይሄ ነገር የታወቀው በአጋጣሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዚላንድ ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ጋ የመጣ ታካሚ ራስጌው ከፍ ብሎ የተተወ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲጠብቅ የእግሩ ህመም ለቀቀው፣ ማኬንዚም ከዛ በኋላ እድሜ ልኩን ይሄንኑ ሲያጠና ኖረ።

ታክሲ ላይ ጋቢና ከተገኘ ጋቢና ግቢ፣ ነጠላሽን ጠቅልለሽ ወገብሽ ጉድጓድ ላይ አድርጊ፣ ከተቻለ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ በእግርሽ ሂጂ። ቢሮ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። ጀሪካኑን በተመለከተ፣ ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፣ ባለቤትሽ ተኚ ከሚልሽ እሱን ይሸከምልሽ።

መርፌው ነው የሚያናድደኝ። ዲክሎፌናክ ህመም ያስታግሳል እንጂ ዲስክ አይመልስም፣ ሲደጋገም ደሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ክኒኑ እኮ ያው መድሃኒት ነው፣ ሀኪም ካየሽ በኋላ ምግብ በልተሽ ለጥቂት ቀን ብቻ መውሰድ ትችያለሽ፣ የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ችግር ወይ እርግዝና ከሌለ። ሌላው ደሞ መቀመጫ ላይ መርፌ ቦታውን ስቶ ከገባ የሚወጋው ይሄንኑ ሳያቲክ ነርቭ ነው! ወጌሻውም ቢሆን የተቆነጠጠ ነርቭ ያለበትን ወገብ ይጎትትልኝ ይርገጥልኝ እንዳትይ።

ግን ይሄን ስሚኝ፣ በጭኖችሽ መሃል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለሽ ወይ ካመለጠሽ፣ ሁለቱም እግርሽ ከሰነፈ፣ ሌሊትም ቢሆን ኮንትራት ይዘሽ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። የእግርሽ ጫፍ መሬት መጎተት ከጀመረም አትዋዪ አትደሪ። ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ፣ መክሳት ካለ ደሞ ዲስክ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ፣ የአከርካሪ ቲቢ እኛ ሀገር አለ።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው፣ አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፣ ትንሽ እንደሄዱ ሁለቱም እግራቸው ይከብዳቸዋል ያቃጥላቸዋል፣ ቁጭ ሲሉ ወይ ከዘራቸው ላይ ጎንበስ ሲሉ ይተዋቸዋል። ይሄም ሳያቲክ ነው?

መልስ፦ ዘመዱ ነው ወንድሜ። በእድሜ የነርቩ መተላለፊያ ሲጠብ እንዲህ ይሆናል፣ ጎንበስ ሲባል ሰፋ ስለሚል ይቀላቸዋል። ስለዚህ ከላይ ለእህታችን ያልኩትን ደረት ቀና ማድረግ እሳቸውን እንዳታሰራቸው፣ ይብስባቸዋል። የሳቸው በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ። እየሄዱም አረፍ እያሉ ይሂዱ፣ በየመንገዱ ቢቀመጡ ነውር የለውም። ግን የደም ስር መጥበብም እንደዚሁ እግር ይይዛል፣ በተለይ ስኳር ካለባቸው ወይ ሲጋራ ካጨሱ፣ ሀኪም ጋ ስትወስዳቸው የእግራቸው የደም ምት ይታይላቸው በል።