«ምርመራው ኖርማል ነው፣ እኔ ግን ሁለመናዬን ያመኛል» ስለ ፋይብሮማያልጂያ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ፋይብሮማያልጂያ (ሁለመናን የሚያም፣ ከድካምና ከእንቅልፍ ችግር ጋር የሚመጣ የቆየ ህመም) ጠቀስ ካደረግኩ ወዲህ ከደሴም ከወልድያም ከሐይቅም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፣ ለሁሉም ቦታ ስለማይበቃ የተደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ (ከደሴ): ከአንገቴ እስከ እግሬ ይቆረጣጥመኛል፣ ደምም ራጅም ኖርማል ነው ተባልኩ። ባለቤቴ «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ይለኛል። ዝም ብዬ እያሰብኩት ይሆን?

ኧረ በጭራሽ እህቴ፣ ያመመሽ የእውነት ነው። በዚህ በሽታ ጡንቻውም መጋጠሚያውም በራጅ የሚታይ ጉዳት የለውም፣ ችግሩ ነርቮችና አንጎል ህመምን የሚቀበሉበት መንገድ ላይ ነው፣ ሌላው ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ጫና አንቺን ያምሻል። ድሮ (በ1990 እ.ኤ.አ. መስፈርት) ሐኪሙ 18 ቦታ ተጭኖ 11ዱ ካመመ ነበር ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ህመሙ ስንት የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍሽ፣ ድካምሽ፣ መርሳትሽ ተጠይቆ፣ 3 ወርና ከዛ በላይ ከቆየ በዛ ይወሰናል። የደም ምርመራው የሚያስፈልገው የታይሮይድ ችግር፣ ደም ማነስ ወይ ሩማቶይድ አርትራይተስ (መጋጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ) እንዳይሆን ለማጣራት ነው። መጋጠሚያሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይ ከከሳሽ ግን ተመልሰሽ ታዪ። ባለቤትሽን ደሞ ለቀጠሮሽ ይዘሽው ግቢ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስማው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ): ወንድ ነኝ፣ ፋብሪካ ነው የምሰራው። የዳይክሎፌናክ መርፌ ስወጋ ትንሽ ያስታግስልኛል፣ በየሳምንቱ ብወጋስ?

ተው ወንድሜ! ለዚህ ህመም ዳይክሎፌናክ ብዙም አይጠቅምም፣ ሲደጋገም ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎንም (የስቴሮይድ መድኃኒት ነው) ለዚህ ህመም አይጠቅምም፣ ሲደጋገምም ይጎዳል። «የሴት በሽታ ነው» የሚሉህንም አትስማ፣ በሴቶች ይበዛል እንጂ ወንዶችንም ይይዛል።

ጥያቄ (ከሐይቅ): እንጀራ በጋገርኩ ማግስት ከአልጋ አልነሳም፣ ልጆቼ «ትናንት ደህና አልነበርሽ እንዴ?» ይሉኛል።

እማማ፣ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚጎዳው። ደህና የሆኑ ቀን ሁሉንም ልጨርስ ይላሉ፣ ሊጥ ያነሳሉ፣ እንጨት ይማግዳሉ፣ ምጣዱ ፊት ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ፣ በዛው ልብስ ያጥባሉ፣ ከዛ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛሉ። ሥራውን ይከፋፍሉት። የጋገሩ ቀን ልብስ አይጠብ፣ የሊጡን ባልዲ ልጅ ያንሳ፣ አምስት ስድስት እንጀራ ካወጡ በኋላ ጀርባዎትን ደገፍ አድርገው ይረፉ፣ ሳያምዎት ነው ማረፍ ያለብዎት፣ ካመመ በኋላማ ምን ዋጋ አለው። ግን ጨርሶ መተኛትም ያብሳል፣ ለዚህ በሽታ ከሁሉም በላይ ጥሩ መረጃ ያለው ህክምና እንቅስቃሴ ነው። ሜዳ ሜዳውን አሥር ደቂቃ በእግር ይጀምሩ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ካዩት በኋላ ትንሽ ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ሊያምዎት ይችላል፣ ያኔ ቀነስ ያርጉት እንጂ አይተዉት።

ጥያቄ (ከወልድያ): እንቅልፍ የለኝም። የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ፋርማሲ ውስጥ «የድብርት ነው» ሲሉኝ ተውኩት።

ለድብርትም ይሰጣል፣ ለፋይብሮማያልጂያ ግን ባነሰ መጠን ማታ ማታ ነው፣ ህመሙንም እንቅልፉንም ስለሚያግዝ። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፣ የልብ ወይ የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ችግር ካለሽ ደሞ ለሐኪሙ ንገሪው። ሌላው ቡና ነው። ከሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሌሊት እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ቡናውን ጠዋት አርጊው፣ ከሰዓት ጎረቤት ጋ ስትሄጂም ለወሬው ቁጭ በይ፣ ስኒውን እለፊው። የጫት ዱዓ ላይ ለምትቀመጡም ያው ነው።

ጸበል ወይስ መድኃኒት ላላችሁኝ፣ ሁለቱም፤ ጸበል ስትገቡ መድኃኒቱን አታቁሙ።

ጥያቄ (ከደሴ ዙሪያ): ህመሙ የጀመረኝ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥተን ከተመለስን በኋላ ነው። ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ከባድ ድንጋጤ፣ ሀዘን፣ አደጋ ፋይብሮማያልጂያን እንደሚቀሰቅሱት ይታወቃል፣ ምንም ሳያገኛቸው የሚይዛቸውም አሉ። ያየሽው ነገር ሌሊት እየመጣ የሚያባንንሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው፣ ወደ አእምሮ ህክምና ክፍል ቢልክሽም አበደች ማለቱ አይደለም፣ ህመሙ እየቆረጣጠመሽ ጭንቀቱ ሳይታከም እንቅልፍሽ አይመለስም። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ አብራሽ የተፈናቀለች ጎረቤት ካለች እሷን ይዘሽ ሂጂ፣ ምናልባት እሷም አልተናገረችም ይሆናል።