የግራውስ?

ልጆቼ፣

ሰው ሲያረጅ ምክር ማብዛት ይወዳል። እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። ግን ዛሬ ስለ ሕይወት በጅምላ አላወራችሁም። የምጽፍላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጦ በስተርጅና ስላሳፈረኝ አንድ ሺ እግር ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። እኛ ጎንደር እግሩ የበዛውን ሁሉ ሺ እግር ብለን እንገላገላለን። ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ቀስ ብሎ የሚሄደው፣ ሲነኩት የሚጠቀለለው፣ አብዛኛው የሰውነቱ ቀለበት ሁለት ሁለት ጥንድ እግር ያለው ነው። ሺ እግር የሚለው ስም ለእሱ ይሁን። ሌላው ጠፍጣፋ ነው፤ ድንጋይ ስትገለብጡበት ሽው ብሎ ይጠፋል። በየቀለበቱ ያለው አንድ ጥንድ እግር ብቻ ነው። መቶ እግር የምለው እሱን ነው። ልክ መቶ እግር ግን የለውም። የአዋቂው የእግር ጥንድ ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ከ15 ጀምሮ እንደ ወገኑ እስከ 191 ይደርሳል። ስለዚህ 50 ጥንድ ላይ አይቆምም። በነገራችን ላይ «ነከሰኝ» የምንለውም በአፉ አይደለም። ጭንቅላቱ ሥር ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት እግሮች ናቸው ወደ መርዝ ጥፍር የተለወጡት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ወጣት መምህር ሳለሁ ነው። ከደባርቅ አልፈን ሊማሊሞን ስንወርድ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ ይቀይራል፣ እኔ ድንጋይ እገለብጣለሁ። ተሳፋሪው «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» በሚል ዓይን ያየኛል። አንድ ትልቅ መቶ እግር አገኘሁና በውኃ ላስቲክ ይዤው ጎንደር ገባሁ።

ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቼ ቆጠርኩ። 21 ጥንድ። በጭንቅላቱ በየጎኑ አራት አራት ነጠላ ዓይኖች። እስከዚህ ድረስ ስኮሎፔንድራ ሞርሲታንስ ከሚባለው ጋር ይገጥማል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ያወጣለት፣ አፍሪካ ውስጥ በሰፊው የሚገኝ ዝርያ ነው። ይሁንና የኋለኛው እግር ጭን ላይ በረድፍ መደርደር የነበረባቸው ትንንሽ እሾሆች የሉም። ሁለት ብቻ ቆጠርኩ። ልቤ ዘለለ! «አዲስ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ በእርሳስ ጽፌ ወረቀቷን ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኩ። (እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል፤ ሁልጊዜ በእርሳስ ጻፉ።) ደግነቱ አላሳተምኩትም። ለስንት ባች ተማሪ ግን በኩራት አሳየሁበት።

ባለፈው ክረምት ያ ጠርሙስ እንደገና ወጣ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። አንዲት ተማሪ የድሮ ናሙናዎችን ስትመዘግብ የእኔን ሥዕል ከናሙናው ጋር እያስተያየች ነበር። ቀና አለችና፣

«መምህር፣ የሳሉት የቀኙን ነው። የግራውስ?» አለችኝ።

የግራውስ? የግራው ከሰውነቱ ሥር ታጥፎ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አላነሳሁትም። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላ አወጣችው። እሾሆቹ በረድፍ በረድፋቸው ቁጭ ብለዋል። የቀኙን ከጎኑ ስናደርገው ደግሞ ቀጠን፣ አጠር ያለ ነው። መቶ እግር እግሩ ሲቆረጥ ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜ መልሶ ያበቅላል። የበቀለው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፊተኛው አይሆንም፤ ያንሳል፣ እሾሁም ይጎድላል። እኔ አዲስ ዝርያ ያልኩት አንድ ቀን ከአንድ ጠላት ያመለጠ ምስኪን ነበር።

ትንሽ መጽናኛ አለኝ። በዚሁ ዝርያ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። መልኩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብዙዎች እንደ አዲስ ስም ሰጥተውታል። በኋላ ስሞቹ ተሰብስበው ወደ አንዱ ተጠቃለሉ።

አዲስ ነገር የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ወገን መቶ እግሮች ወይ 21 ወይ 23 ጥንድ ነው ያላቸው ተብሎ ስንት ዘመን ተማርን፣ አስተማርን። እ.ኤ.አ. በ2008 ከብራዚል 39 ወይም 43 ጥንድ ያለው ዝርያ ይፋ ሆነና ሕጉን አፈረሰው። እንዲህ ያለው ለእናንተም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ያን ቀን ግን ሁለቱንም ጎን ቁጠሩ፣ ነግቶ እንደገና ቁጠሩ፣ ከዚያ ለማያምናችሁ ሰው ስጡት። ስልካችሁንም አትመኑት። ፎቶ ለቀለሙ ጥሩ ነው፣ አልኮል ቀለም ያደበዝዛልና። ከሆድ ሥር የታጠፈውን እግር ግን ፎቶ አያወጣላችሁም። ናሙናውን አስቀምጡ፣ ከየት እንደመጣም ጻፉበት። እኔ ያኔ አንድ ደህና ነገር ከሠራሁ እሱን ነው፤ ብጥለው ኖሮ ማንም አያርመኝም ነበር።

ልጅቷ አዲስ ወረቀት ጻፈች። «የድሮው ይውጣ?» አለችኝ። ባፍርም አይወጣም አልኳት፤ የናሙና የቀድሞ ወረቀት አይጣልም። አሁን ሁለቱም አልኮሉ ውስጥ ናቸው። የእኔው ጎላ ብሎ ይነበባል፤ ያኔ እርሳሱን ጫን አድርጌ ነበር የምጽፈው።