ጡረታና አእምሮ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጡረታ የወጡ አንባቢዎችና ልጆቻቸው በዚህ ዙር የላኩልን ጥያቄ በአብዛኛው ስለ መርሳት ነው። ማብራሪያ የሚፈልገውን አስረዝመናል፤ በአጭሩ የሚያልቀውን አሳጥረናል።

«34 ዓመት አስተምሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። አእምሮዬ እንዳይዝግ ጠዋት ጠዋት መስቀለኛ ቃላት እሞላለሁ። ይበቃኛል?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

ደስ ካለዎት ይሙሉ፤ ግን አይበቃዎትም። መስቀለኛ ቃላት ያጠራቀሙትን ከጎተራ ማውጣት ነው፤ ወደ ጎተራው አዲስ እህል አያስገባም። ለአእምሮ የሚበጀው አዲስ የሆነ፣ ትንሽ የሚያስቸግር፣ ከሰው ጋርም የሚያገናኝ ነገር ነው። አማርኛ ያስተማሩ ከሆነ ከጎረቤት ልጆች ጋር የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ይሥሩ፤ ሒሳብ ከነበረ ግዕዝ ወይም ዐረብኛ ይጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል። ከአሥር ጥያቄ ሁለት ሦስቱን ካልሳቱ ቀልሎዎታልና ከበድ ያድርጉት።

ሰዓቱን ደግሞ ከሰው ጋር ይቅጠሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ሲጠብቁት የኖረ ሰው፣ ማንም የማይጠብቀው ሲሆን ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ያጣል። ብቸኝነትና ድብርት ራሳቸው አእምሮን ያዳክማሉ።

ጨዋታ ከወደዱ ገበጣ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ረድፉን ይያዙ፦ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48። ጠጠሩን ከማንሳትዎ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ይናገሩ፤ ከዚያ ዘርተው ያረጋግጡ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከተጫወቱ አካሄዱን ይለምዱትና ማሰብዎን ያቆማሉ። ተጋጣሚ ይቀይሩ።

«አባታችን ዕድሜውን በሽመና ማሽን ላይ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። አሁን የነገርነውን ይረሳል፣ ቅሬ (እድር) መሄድም ትቷል። የመርሳት በሽታ ይሆን?» (ከኮምቦልቻ)

አስቀድማችሁ መስማቱን አረጋግጡ። ያልሰማውን ሊያስታውስ አይችልም። የሽመና ማሽን ጩኸት በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት ለዓመታት ይጎዳል፤ እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፣ «ት» የያዙ ቃላት ይደበዝዛሉ። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆኑበታል። ስለዚህ «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይገባኝም» ይላል፤ ስትጮኹበት ደግሞ «ለምን ትጮኹብኛላችሁ» ብሎ ይቆጣል። ብዙ ሰው በሚያወራበት ቅሬ ላይ ቃል ለመልቀም መድከም ስለሚሰለቸው ቤት መዋልን ይመርጣል። ቤት ሲውል ጨዋታው ይቀራል፣ አእምሮውም ሥራ ይፈታል።

እቤት የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከኋላው ክንድ በሚያህል ርቀት ቁሙ። አንዱን ጆሮውን በጣት ደፍናችሁ ጣቱን በቀስታ እያንቀሳቀሳችሁ ያዙ። ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፊደልና ቁጥር ቀላቅላችሁ ሦስት ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ፤ «አምስት፣ ሸ፣ ዘጠኝ» እንደማለት። ከሳተ ሌላ ሦስት ጨምሩ። ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ መድገም ካልቻለ ያልተደፈነው ጆሮ መታየት አለበት። ሌላውንም እንዲሁ ፈትኑ።

ቀጥሎ ኩክ ነው። በክብሪት እንጨትም ሆነ በጥጥ በተጠቀለለ ዘንግ አትነካኩት፤ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይደፍነዋል። ጆሮው የማያመውና ፈሳሽ የማይወጣው፣ ታምቡሩም ከዚህ በፊት ያልተቀደደ ከሆነ፣ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ማታ ማታ ሁለት ሦስት ጠብታ ለአምስት ቀን ያህል አድርጉለትና ባለሙያ ይጠበው። ከዚያ በኋላም ካልሰማ በመሣሪያ የመስማት ምርመራ ይደረግለት።

የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘለት፣ ብዙዎች መሳቢያ ውስጥ የሚጥሉት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሳህኑ ግጭት ሁሉ አንድ ላይ ይወርድባቸዋል። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር ይጀምር፤ ጊዜውን በየሳምንቱ አርዝሙት። እናንተም ፊታችሁን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትጮኹ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ።

ልፋቱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ልዩነት አልታየም። ለመርሳት በሽታ ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ግን መስሚያ ማግኘት የአእምሮን መዳከም በ48 በመቶ ቀንሶታል።

«66 ዓመቴ ነው። መንዙማ በቃሌ ልይዝ እሞክራለሁ፤ ጠዋት ያጠናሁት ማታ የለም።» (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

ከዕድሜዎ ይልቅ አያያዝዎ ሳያስቸግርዎ አይቀርም። ጽሑፉን እያዩ ሃያ ጊዜ ሲደግሙት ዓይንዎ ይለምደዋል፤ መልመድ ደግሞ የያዙ ያስመስላል። ሁለት ስንኝ ብቻ ይውሰዱ። ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ወረቀቱን ይገልብጡ፣ በቃልዎ ይበሉ። ቃል ሲጠፋዎ ወዲያው አይመልከቱ፤ በልብዎ እስከ አሥር ቆጥረው ይፈልጉት። ያ ፍለጋ ነው የሚያስይዘው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ማታ ሳይተኙ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን እንዲሁ ይበሉት። የትናንቱ ሳያዩ ካልመጣ አዲስ አይጨምሩ።

ዜማውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ይያዙ፤ ምቱና ቤት መምታቱ ቀጣዩን ቃል ጎትተው ያመጡታል። ሌሎች ሲያወጡ አዝማቹን ብቻ እየተቀበሉ መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን የሚይዘው የሚያወጣው ሰው ነው። ሁለት ስንኝም ቢሆን እርስዎ ያውጡ። ውዳሴ ማርያም ወይም ዳዊት ለሚያጠኑም መንገዱ ይኸው ነው።

«ሐኪም ተራመድ አለኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው።» (ከቧንቧ ውሃ)

ሽቅቡን በእግርዎ፣ ቁልቁሉን በባጃጅ ያድርጉት። ልብንና የአንጎልን የደም ሥር የሚያሠራው ዳገቱ ነው፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ቁልቁለቱ፣ ምክንያቱም የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል። ልኩ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ አምስት ቀን ይሞላዋል። ምርኩዝ ከያዙ ቁመቱ ክንድዎን ሲያንጠለጥሉ አንጓዎ ጋ የሚደርስ ይሁን፣ የሚይዙትም ካመመዎ ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ደረትዎን ከተጫነዎ ቆመው ይረፉ፤ ካልለቀቀዎ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

«ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ነገር ይጠፋኛል።» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

የከሰዓቱን ቡና ይመርምሩ። ከአሥር ሰዓት አቦል ግማሹ ኃይል ማታ ሦስት ሰዓት ላይም በደምዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ቶናና በረካ ሲጨመርበት ሌሊቱን ያነጋል። የቡናውን ሰዓት ወደ ረፋድ ያምጡት፣ ጎረቤት መጥራቱን አይተዉ። ጫት ካለ እንቅልፍ ነሥቶ የደም ግፊትም ስለሚጨምር እሱን ማቆም ከሁሉ ይበልጣል። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው አይተኙ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል፣ የተረፈውንም ሰው አእምሮ ይጎዳል።

«ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ የሚሸጠውን፣ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራውን ጊንኮ የሚባል ክኒን ልግዛ?» (ከኮምቦልቻ)

አይግዙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎችን ለስድስት ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ገንዘቡን ለቫይታሚን ቢ 12 ምርመራ ያውሉት፤ በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ከወሰዱ፣ ወይም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከገበታዎ ከራቁ። እጥረቱ እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

«እናታችን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰው ታምታታለች፣ ሌሊት ትቃዣለች። እርጅና ነው?» (ከገራዶ)

አይደለም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መዛባት የሌላ ሕመም ምልክት ነው፤ የሽንት ቱቦ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ውሰዷት። ባለፉት ሳምንታት ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ከነበረ፣ ምቱ ቀላል ቢመስልም ለሐኪሙ ንገሩ፤ ደም በአንጎል ላይ ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ማዘዣ የተገዛውን የጉንፋን፣ የአለርጂና የእንቅልፍ ክኒን አትርሱ፤ በአረጋውያን ላይ መዛባት ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው።