በእኔ እግር የተሳለው ባለቤቴ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው፤ ትዕግሥቴ አልቋል። ባለቤቴ ሲራመድ ሰው አይጠብቅም። ገበያ ስንሄድም ያው ነው፣ ግን ገበያው ቅርብ ስለሆነ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የላሊበላውን ነው።

በ2011 እና በ2012 ለገና በእግራችን ሄደናል። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው እኮ! ዓባይን ተሻግረን በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር አድርገን፣ በጾም አፋችን፣ በሶና ቆሎ ይዘን፣ በዚያ ብርድ 13 ቀን። ታዲያ እሱ ሁልጊዜ ከፊቴ ነው። እኔ ጋቢውን ብቻ ነው የማየው፣ እሱም ኩርባው ጋ ይሰወራል። እርግጥ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አይጠብቅም አልልም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎውን እየቆረጠመ ይቆይና ልክ ስደርስ «መጣሽ? በይ እንሂድ» ብሎ ይነሳል። እሱ አርፏል፤ እኔ መቼ ልረፍ? ዱላውም እሱ ጋ ነው። አንዷ ተሳላሚ «ባልና ሚስት ናችሁ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነፋስ መውጫን አልፈን ካደርንበት ቤት ባለቤቲቱ እግሬን ሲያጥቡኝ በኩራዝ ጉልበቴን አዩና «ይኼን ባልሽ አይቶታል?» አሉኝ። ሳቅሁና እግሬን ሰበሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ዲክሎፌናክ እየዋጥኩ ዘለቅሁት። ጉዳዩ ግን እሱ አይደለም፣ ጉዳዬ ሰውዬው ዞር ብሎ አለማየቱ ነው።

ስለቱ የሦስት ዓመት ነበር። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ሦስተኛው በዕዳ ቀረ። አሁን «ዘንድሮ መንገዱ ሰላም ከሆነ እንጨርሰው» ይለኛል። የተሳለው እሱ ነው። እኔ ለቀዶ ሕክምና የገባሁ ሌሊት «ካተረፍክልኝ ሦስት ገና በእግራችን እንመጣለን» ብሎ። እኔን ማን ጠየቀኝ? እና እትዬ፣ እሱ በእግሩ ይሂድ፣ እኔ በመኪና ብሄድና ላሊበላ ብንገናኝ ስለቱ ይፈርሳል?

ኋላ ቀሪዋ

*

እታለም፣

ባልሽ ችኩል ነው። አርፎ ጠብቆሽ አንቺ ስትደርሺ መነሳቱም ግፍ ነው፣ ይኼን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢለት። እኔን ያስቆመኝ ግን ጉልበትሽ ነው። ለጋቢውና ለቆሎው ያን ያህል ቦታ ሰጥተሽ ጉልበትሽን በሁለት መስመር ዘለልሽው።

የማያውቁሽ ሴት በአንድ ማታ፣ በኩራዝ፣ አዩት። ባልሽ 13 ቀን አብሮሽ ሄዶ አላየም። ለምን ቢሉ፣ ደበቅሽዋ! ጠየቁሽ፣ ሳቅሽ፣ እግርሽን ሰበሰብሽ። ጠዋት ክኒንሽን ውጠሽ ቀጥ ብለሽ ተነሳሽ። እሺ፣ ዞር ቢልስ ምን ሊያይ ነበር? ደህና የምትራመድ ሚስት። አትቀየሚኝና፣ ቂምሽን እየቆጠርሽ ነው ከኋላው የሄድሽው።

ደግሞ ያ ክኒን! ዲክሎፌናክ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። በገና ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀመስ፣ በየቀኑ። የላሊበላ ምልጃ ነው ያተረፈሽ። በይ አሁን ከመንገዱ ወሬ በፊት ሐኪም ጉልበትሽን ይየው። ለታመመ ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው ክፉ፣ ክብደትሽ እሱ ላይ ይወድቃላ። ስለዚህ ዱላው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።

ስለቱ ይፈርሳል አይፈርስም የሚለውን ንስሐ አባታችሁ ይመልሱት። አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ። የእኔን ሐሳብ ካልሽ፣ ሰው የሚሳለው በገዛ እግሩ ነው። ሳያማክርሽ በእግርሽ መሳል አልነበረበትም።

ግን እስቲ ያንን ሌሊት አስቢው። አንቺ ውስጥ ነሽ፣ እሱ ደጅ ቆሟል፣ ምን እንደሚነግሩት አያውቅም። ያኔ ከአፉ የወጣው «እንመጣለን» ነው። «እመጣለሁ» ማለት አቅቶት መሰለሽ? ያላንቺ የሚሄድበት መንገድ አልታየውማ! አንቺ ይኼን ቃል እንደ ቀንበር ነው የተሸከምሽው፣ እኔ ግን ደብዳቤሽን አስቀምጬ አለቀስኩ።

የእኔው ሟች ደግሞ የባልሽ ተቃራኒ ነበር። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሄደን ስንወርድ ከኋላዬ አልነቃነቅ አለኝ። ተረከዜን የሚቆጥር ነበር የሚመስለኝ። ተናድጄ «ቅደም!» ብለው «ብትወድቂስ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ቁልቁለት ስወርድ ዞር እላለሁ።

በመኪና ብትሄጂ አልፈርድብሽም። ግን እስከ ላሊበላ አትሂጂ፣ ጋሸና ላይ ውረጂና ጠብቂው። አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ አርፈሽ እሱ ይድረስብሽ! ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ሐኪሙ ከፈቀደልሽ እሱን በእግራችሁ፣ ቁልቁለት ስላለው በሁለት ቀን ሳይሆን በአራት ቀን። ሐኪሙ እንቢ ካለ ግን እንቢ ነው፣ በመኪናሽ ቀጥዪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ እሑድ ጀልባ ያዙና ዘጌ ግቡ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፣ ጥላም አለው። አንቺ ቅደሚ። መሃል ላይ ቁጭ በይና ጉልበትሽን ገልጠሽ አሳዪው፣ የኩራዙንም ማታ፣ የክኒኑንም ነገር ንገሪው። ይደነግጣል። ይደንግጥ።

ቆሎው ግን አንቺ ጋ ይሁን።