የምድር ቤቱ ቀለም ለምን ይላጣል?

ቀበና አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አንባቢ የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ቤቴ ተዳፋት ላይ ነው። ከሳሎኑ ሥር ሳይጨረስ የቀረ ምድር ቤት አለ። ወለሉ አፈር ነው፤ ግድግዳው ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ብሎኬት። አሮጌ ራዲዮና ቴፕ መጠገን ስለምወድ ለዚያ የምትሆን ክፍል በራሴ እጅ ላዘጋጅ አሰብኩ። አምና አንዱን ግድግዳ ዘይት ቀለም ቀባሁት። ነሐሴ ላይ አብጦ ተላጠ። ልጄ ዙሪያውን በጂብሰም ቦርድ ሸፍነው ይለኛል። የትኛውን ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ልግዛ?»

ጋሼ፣ ለጊዜው ምንም ቀለም አይግዙ። ጂብሰም ቦርዱም ይቅር። ጂብሰም ውሃ ይጠጣል። ከኋላው ሻጋታ ይይዝና እርስዎ የሚያውቁት ሽታው ሲመጣ ነው። ቀለሙ የተላጠው አቀባብዎ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግድግዳው አፈር ተሸክሟል። እርጥበቱ በድንጋዩና በማልታው በኩል ወደ ክፍሉ ይመጣል፤ ዘይት ቀለም ደግሞ መውጫ ይከለክለዋል። ስለዚህ ገፍቶ ይጥለዋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ውሃው አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ በውሃ አይጠቡት፤ ተመልሶ ይገባል።

አሁን የሚያስፈልግዎ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ቀለም ባልነካው ግድግዳ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። ሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ኋላ ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ እየሆነ ነው፤ እሱ ደህና የአየር መግቢያና መውጫ ካገኘ ይቀንሳል። የእርስዎ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ይፈትኑት፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ከዚያ ወጥተው ቤቱን ከላይ በኩል ይዙሩት። አሸንዳው ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ግድግዳው ሥር ከሆነ ግማሹን ችግር አገኙት ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ከምድር ቤቱ በላይ በኩል ነው? ሮቶውስ? ይሄን ሮቶ አደራ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ከተበላሸ ሞልቶ ሲፈስ ያድራል፣ ጠዋት ማንም አያይም። «የከርሰ ምድር ውሃ ነው» ተብዬ ተጠርቼ የሮቶ ተንሳፋፊ ብቻ ቀይሬ የተመለስኩበት ቤት አለ። ውሃ በመጣ ቀን ደግሞ የሮቶውን መግቢያ ጨምሮ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። እየዞረ ከሆነ መሬት ውስጥ የፈነዳ መስመር አለ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው እርጥበቱ ካለ ከላይኛው ተዳፋት የሚመጣውን ውሃ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መቁረጥ ነው። በላይ በኩል ቦይ ይቆፈራል። ከመሠረቱ ግርጌ ዝቅ እንዳይል። ደግሞ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ቀን አይክፈቱት፤ አንድ አንድ ሜትር ተኩል እየቆፈሩ፣ እየጨረሱ፣ እየሞሉ ይሂዱ። የድንጋይ ግንብ ድጋፉን በአንዴ ሲነጥቁት አይወድም። ግድግዳው ሲገለጥ በሲሚንቶ ይለሰንና ሲደርቅ ሬንጅ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ከታች የተበሳሳ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ያስተኙ፤ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ እንዲያዘቀዝቅ በውሃ ልክ ያረጋግጡ። ዙሪያውን ንጹህ ጠጠር ይሙሉበት፣ ጠጠሩን አፈር እንዳይደፍነው ማጣሪያ ጨርቅ ያልብሱት። የተቆፈረው ጥቁር መረሬ ከሆነ መልሰው አይጠቀሙበት። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በገረጋንቲ ይሙሉ። የቱቦው መጨረሻ ወደ ጎርፍ መውረጃ ይውጣ እንጂ ወደ ታችኛው ጎረቤት አይሁን፤ የሰፈር ጠብ ከእርጥበት ይብሳል። ከላይ ግድግዳውን ተከትሎ ሲሚንቶ ያፍስሱበት፣ በሜትር አምስት ሴንቲ ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል።

ቁፋሮውን በቀን ሠራተኛ ያሠሩ፤ እርስዎ ውሃ ልኩን ይዘው ይቁሙ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው።

ከውስጥ መቀባት ያለብዎት ከዚህ በኋላ ነው። በሲሚንቶ የተሠራ፣ በዱቄት መልክ የሚሸጥና በውሃ የሚበጠበጥ ውሃ መከላከያ አለ። መርካቶ ሲሄዱ ሻጩን «ውሃው ከኋላ ቢገፋው ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። የጣሪያ የሆነውን ከሰጠዎት ይመልሱለት። የተላጠው ዘይት ቀለም እስከ ግድግዳው ድረስ መፋቅ አለበት፤ አለበለዚያ አይያዝም።

ወለሉን ከመንካትዎ በፊት ከአፈሩ እስከ ሶሌታው፣ ማለትም ከላይ ሳሎኑን እስከተሸከመው አርማታ ድረስ ይለኩ። የተጠቀጠቀ ድንጋይ 20 ሴንቲ፣ አርማታ 10፣ ሴራሚክ ከነማልታው 5፤ በድምሩ ወደ 35 ሴንቲ ይወስድብዎታል። ቀሪው ጭንቅላት የሚያስደፋ ከሆነ «ትንሽ ዝቅ አድርጌ ልቆፍር» ማለትዎ አይቀርም። እዚህ ጋ መሐንዲስ ይጥሩ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች መቆፈር ሳሎኑን ይዞት ሊወርድ ይችላል። ኮለንና ቢም (ቤቱን የተሸከሙትን ምሰሶና አግዳሚ) መንካት፣ ግድግዳ ቀዶ መስኮት ማውጣትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። ከፍታው ከበቃ ግን ድንጋዩ ላይ ስስ አሸዋ ይበትኑና ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ። አሸዋው የድንጋዩ ስለት ላስቲኩን እንዳይበሳው ነው። መጋጠሚያው ላይ 30 ሴንቲ ይደራረብ፣ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ይውጣ። ከዚያ አርማታ ይሞላል። 7 ቀን ውሃ ያጠጡት። የሚጠበቅበትን ጥንካሬ በ28 ቀን ያገኛል፤ መድረቁ ግን ከዚያም በላይ ይቆያል። ፓርኬና ላሚኔት አያስቡ፣ ሴራሚክ ይበቃል።

ቶሎ ይድረቅልኝ ብለው ከሰል እንዳያነዱ። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ምድር ቤት ሰው ይገድላል። ቡናም ቢሆን ላይኛው ቤት ይፈላ።

መብራቱን ለኤሌክትሪሽያን ይተዉት፤ የሚጠይቁትን ግን ይወቁ። ከቦርዱ የራሱ መስመር ይምጣ። ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለመብራት 1.5 ከ10 ጋር። የመሬት ሽቦው በትክክል ይታሰር። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም ያስገቡ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የተከፈተ ራዲዮ ለሚነካ ሰው ይሄ የሚቆጠብበት አይደለም። ሶኬቶቹ ከጠረጴዛው ከፍ ይበሉ።

የሚሠሩበትን ጠረጴዛ በታችኛው ተዳፋት በኩል ካለው የአየር መውጫ ቀዳዳ ሥር ያድርጉት፤ ሲበይዱ የሚወጣው የሊድ ጭስ በዚያ ይውጣ። ራዲዮዎቹን ግን ወደ ምድር ቤቱ ለማውረድ አይቸኩሉ። አንድ ሙሉ ክረምት ባዶውን ይለፍ። መስከረም ላይ ያንኑ የላስቲክ ፈተና ይድገሙት፤ ደረቅ ከሆነ ቀለምዎን ይቀቡ። መደርደሪያው የብረት ይሁን፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ።